የእጅ ጽሕፈትና የሐሳብ ጽሕፈት፦ ሕፃናትን መጻፍ ማስተማር የሚጠይቀውና የሚሰጠው

(በትምህርት ፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጻፍን ማስተማር የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ መርጬ በእርሱ ላይ እቆያለሁ። ነገሩንም ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን «ስለ ላም ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ብዬ አዘዝሁ። በዚህ አዳራሽ ካለነው አብዛኞቻችን ይህን ትእዛዝ በልጅነታችን ፈጽመናል፤ መልሱንም በቃላችን እናውቀዋለን። ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም ሣር ትበላለች። ላም ወተት ትሰጣለች። ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳርም አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር። ከመካከላቸው የአንድ ልጅ ደብተር ግን እንዲህ ይላል፦ «የኛ ላም ተሸተች። ወተት አንጠታም። ገመዱዋ ግን አለ።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «የኛ» የሚለውን «የእኛ» አልሁት። «ተሸተች»ን «ተሸጠች»፣ «አንጠታም»ን «አንጠጣም»፣ «ገመዱዋ»ን «ገመዷ» አድርጌ አቃናሁ። በግርጌው «ከርእሱ ወጥተሃል» ብዬ ጽፌ ከዐሥር ሦስት ሰጠሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ በግ እንዲጽፉ አዘዝሁ። ያ ልጅ በግ የቤት እንስሳ እንደ ሆነ፣ ሥጋና ጸጉርም እንደሚሰጥ አንድ ፊደል እንኳ ሳይሳሳት ጻፈ። ዐሥር ከዐሥር ሰጠሁት፤ «ጎበዝ» ብዬም ጻፍሁበት። በዚያን ቀን አንድ ልጅ ያስተማርሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በእርግጥም አስተምሬዋለሁ። ያስተማርሁት ግን መጻፍ ማለት የራስን ነገር ትቶ፣ መምህሩ አስቀድሞ የሚያውቀውን መልሶ ለመምህሩ መስጠት ነው የሚለውን ነው። ልጁ ፈጥኖ ገባው።

እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እስቲ አሁን ደግመን እንያቸው። የመጀመሪያው የሆነውን ይናገራል። ሁለተኛው የሆነው ነገር ያስከተለውን ይናገራል። ሦስተኛው የቀረውን ይናገራል። በመካከሉ «ግን» የምትል አንዲት አያያዥ ቃል አለች፤ የቤቱን ጉድለት ሁሉ የተሸከመችው እርሷ ናት። ልጁ ላሚቱ እንደ ናፈቀችው አልነገረንም፤ ገመዷን አሳየን። እኛ በኮሌጅ ስለ ድርሰት አጻጻፍ ስናስተምር ዝርዝር ነገር ማሳየት፣ ሐሳብን ማያያዝ፣ መደምደሚያን ማክበድ እያልን በብዙ ክፍለ ጊዜ የምንደክምለትን ነገር ያ ልጅ በአንድ መሥመር ተኩል አድርጎታል። እኔ ያየሁት ግን አራት የፊደል ግድፈት ብቻ ነበር።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው፦ መጻፍ በሚለው በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ሥራዎች ተደብቀዋል። አንዱ የእጅ ሥራ ነው፤ ፊደልን መቅረጽ፣ ቃልን አስተካክሎ ማስፈር፣ ነጥብን በቦታው ማኖር። ሌላው የሐሳብ ሥራ ነው፤ የሚባል ነገር ማግኘት፣ መምረጥ፣ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ ለሌላ ሰው እንዲገባ አድርጎ ማቅረብ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የመጀመሪያውን እናስተምራለን፤ ሁለተኛውን በራሱ ጊዜ ይመጣል ብለን እንተወዋለን። በራሱ ጊዜ ግን አይመጣም።

ይህን ልዩነት የቀድሞው የአገራችን ትምህርት ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። በየኔታ ፊት ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ዐወቀ ይባላል። ይሁን እንጂ ማንበብ ያወቀ ሁሉ መጻፍ ያውቃል ማለት አልነበረም። ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነበር፤ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ አብረውት የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው። የእጁ ሥራ ይህ ነበር። የሐሳቡን ሥራ ደግሞ ሌላ ቤት ይዞት ነበር፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከሚቆመው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ወደ ረጃጅሞቹ ይደርሳል። መምህሩ ይዘርፋል፤ ተማሪው ሰምቶ፣ ከሰው ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል።

ከዚህ ሥርዐት ሦስት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው፣ ጀማሪው ተማሪ የሚጀምረው ከአጭር ነገር ነው፤ ያ አጭር ነገር ግን ምሉዕ ነው። ጉባኤ ቃና የረጅም ቅኔ ቁራጭ አይደለም፤ በራሱ ቅኔ ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪው ከመጀመሪያው ደረጃ አንሥቶ የራሱን ያመጣል፤ የመምህሩን ቅኔ መልሶ ቢናገር ቅኔ ዐወቀ አይባልም። ሦስተኛው፣ እርማቱ ፊት ለፊትና በቃል ነው፤ ተማሪው ለምን እንደ ታረመ ይሰማል፤ መልሶም ይሞክራል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአንድ ደብተር ላይ አገናኛቸው። ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ነገር ግን ሲገናኙ እጁ በረታና ሐሳቡን ዋጠው። ከሰሌዳ ወደ ደብተር መገልበጥ መጻፍ ተባለ። መምህሩ ሲናገር መጻፍ፣ ማለትም የቃል ጽሕፈት፣ መጻፍ ተባለ። ባዶ ቦታ መሙላትም መጻፍ ተባለ። ድርሰት የሚባለው ነገር ልጁ ከፍ ሲል እንደሚቀርብለት ምግብ ተቆጥሮ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ተገፋ።

መምህራን ይህን የሚያደርጉት በስንፍና እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። ፈተናው እውነተኛ ነው። በዝርዝር ልመልከተው።

አንደኛው ፈተና ከፊደላችን ይመነጫል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ እነ ቋንና ጓን የመሳሰሉት ዲቃሎች ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። በተስፋ ገብረ ሥላሴ የፊደል ገበታ ላይ በእንጨት እየጠቆምን ያደግን ሁሉ ድካሙን እናስታውሰዋለን። ፊደሉን ከለየ በኋላም ሞክሼዎቹ ይጠብቁታል። አንድ ልጅ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በድምፁ ብቻ ተመርቶ ሊጽፍ ተነሣ እንበል። ለመጀመሪያው ድምፅ ጸ እና ፀ ቀርበውለታል። ለሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ቀርበውለታል። በድምፅ ሚዛን ዐሥራ ሁለቱም አጻጻፎች ትክክል ናቸው፤ መምህሩ የሚቀበለው ግን አንዱን ነው። የመጥበቅና የመላላትም ጉዳይ አለ። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ኖረ፣ ተገኘ ማለት ነው። በጽሕፈት ሁለቱ አንድ ናቸው። ያ ልጅ «ገመዱዋ ግን አለ» ሲል፣ «አለ» ጠብቆ እንዲነበብ የሚያደርገው ፊደሉ ሳይሆን ሐሳቡ ነው።

እነሆ ከዚህ የምንማረው አለ። ጽሕፈታችን ራሱ አንባቢው ሐሳቡን እንዲከተል ያስገድደዋል። ሐሳቡን ትቶ ፊደሉን ብቻ የሚያይ አንባቢ አማርኛን በትክክል ማንበብ እንኳ አይችልም። እኔ ያን ደብተር ሳርም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና የቁጥር ነው። በአንድ ክፍል ስልሳ ልጆች አሉ እንበል፤ ይህ ለብዙዎቻችሁ የተጋነነ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለአንድ ደብተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ የስልሳው እርማት ሦስት ሙሉ ሰዓት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ደግሞ ያው አንድ መምህር ሒሳቡንም አካባቢ ሳይንሱንም ይይዛል። የትምህርት ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ «ከሰሌዳው ገልብጡ» ማለት የክፉ መምህር ትእዛዝ አይደለም፤ የደከመ ሰው ትእዛዝ ነው።

ሦስተኛው ፈተና የምንለካው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ችሎታ ምዘና ብዙ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት አንዲት ቃል እንኳ አንብበው መጨረስ እንደማይችሉ አሳይቶ ብዙዎቻችንን አስደንግጧል። ድንጋጤው ተገቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለንባብ የተሰጠው ትኩረትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነብ መቁጠር ይቻላል፤ ስንት ሐሳብ እንደሚያፈልቅ መቁጠር አይቻልም። የማይቆጠር ነገር ደግሞ ከዕቅድ ውስጥ ይጠፋል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ስንደርስ ልጁ ስለ መጻፍ የሚጠየቀው ከአራት አማራጮች አንዱን በማጥቆር ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከራሱ ሳያመነጭ ፈተናውን ማለፍ ይችላል።

አራተኛው ፈተና ከሁሉም የሚከብድ ይመስለኛል፤ እርሱም እኛው ራሳችን ነን። መምህራንን ማሠልጠን ከጀመርሁ በኋላ አንድ ጊዜ ሠልጣኞቼን ስላደጉበት ቤት አንድ ገጽ እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነጥብ ይይዛል?» የሚል ነበር። ከመጡልኝ ጽሑፎች ብዙዎቹ «ቤት ለሰው ልጅ መሠረታዊ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው» ብለው የሚጀምሩ ናቸው። በየገጹ ስለ መጠለያ ጥቅም ተጽፏል፤ የማንም ቤት ግን የለበትም። ሳነብ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ስለ በግ የጻፈው ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ መምህር ሊሆን ከፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ እርሱም በተራው ሰሌዳ ፊት ቆሞ «ስለ ላም ጻፉ» ይላል። ጥፋቴ የአንድ ደብተር ጥፋት እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እዚህ የምናገረው በተጨናነቀ ክፍል፣ በጥቂት ወረቀት፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊደረግ የሚችለውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ፣ ልጁ ከመጻፉ በፊት ይናገር። ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ተረት ሰምተዋል፤ እንቆቅልሽ ተጠያይቀዋል፤ ያዩትን ለእናታቸው መተረክ ያውቃሉ። የእንቆቅልሽ ጨዋታ ራሱ አንድን ነገር ስሙን ሳይጠሩ በዝርዝሩ ማሳወቅ ነውና ከሁሉ የተሻለ የገለጻ ትምህርት ነው። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ለአንዱ ዛሬ መንገድ ላይ ያየውን ለሦስት ደቂቃ ይንገረው፤ ሰሚው «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቅ። ያን ጊዜ የሚጻፍ ነገር ይገኛል። እጁ ገና ያልበረታ ልጅ እንኳ ሐሳቡ ዝግጁ ስለሆነ አይቆምም።

ሁለተኛ፣ ትንሽና ዘወትር ይሁን። በወር አንድ ጊዜ ከሚጻፍ ገጽ ይልቅ በየቀኑ የሚጻፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበልጣል። እንደ ጉባኤ ቃና አጭር ይሁን፤ ምሉዕም ይሁን። ርእሱ ደግሞ ልጁ ከመምህሩ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ይሁን። «ስለ ላም» ከማለት «እናንተ ቤት ስላለው ወይም ስለ ነበረው ነገር» ማለት ይሻላል። የቃሉ ለውጥ ጥቂት ነው፤ የሚያመጣው ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ አስቀድመን አንባቢ እንሁን፤ ከዚያ አራሚ። ስሕተቱ ሊታረም አይገባም ነበር እያልሁ አይደለም። «አንጠታም» ሊታረም ይገባዋል፤ ልጁ በጽሕፈት ሥርዐት ካልሠለጠነ ነገ የሚጎዳው እርሱ ነውና። የምናገረው ስለ ቅደም ተከተል ነው። «ገመዷን ማን አስቀመጠው?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ልጁ አራተኛ ዓረፍተ ነገር ይጽፍልኝ ነበር። ከዚያም «ጠ» እና «ተ»ን ብቻ መርጠን አብረን ባረምን ነበር። በአንድ ጊዜ አንድ ግድፈት ይበቃል። አራት የታረመለት ልጅ አራቱንም ይረሳል፤ የቀዩን ቀለም ብዛት ብቻ ያስታውሳል።

አራተኛ፣ የስልሳውን ሸክም እንከፋፍለው። በቀን ዐሥር ደብተር በጥሞና ቢነበብ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ በስድስት የትምህርት ቀን የሁሉም ይደርሳል። የቀሩት ደብተሮች በዚያን ቀን በጓደኛ ይነበባሉ። ከሳምንቱ ጽሑፎች ልጆቹ ራሳቸው የመረጧቸው በንጹሕ ወረቀት ተገልብጠው በክር ቢሰፉ የክፍሉ መጽሐፍ ይሆናሉ። የማንበቢያ መጽሐፍ እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። እዚህ ላይ መገልበጥም ክብሩን ያገኛል፤ ልጁ ፊደሉን የሚያሳምረው ሌላ ልጅ ስለሚያነበው ነውና።

አምስተኛ፣ መምህሩም ይጻፍ። ሰሌዳው ላይ ስለ ራሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ በልጆቹ ፊት ይሰርዝ፤ ቃል ይለውጥ። ልጆች የመምህራቸውን ጽሑፍ ሁልጊዜ ተጠናቅቆ ስለሚያዩት መጻፍ ማለት መጀመሪያውኑ አለመሳሳት ይመስላቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልጆች የእውነት እንዲጽፉ ስንፈቅድ የእውነት ይጽፋሉ። ቁርስ ሳይበሉ እንደ መጡ ይጽፋሉ። አባት እንደ ታመመ፣ እናት ወደ ዐረብ አገር እንደ ሄደች፣ ማታ ቤት ውስጥ ጠብ እንደ ነበር ይጽፋሉ። መምህሩ ሊያስተካክለው የማይችለው ነገር በደብተሩ ላይ ይመጣበታል። ይህን ፈርተው ወደ ላምና ወደ በግ የሚመለሱ መምህራንን አልወቅስም። ነገር ግን ሁለት ግዴታ አለብን። ልጁ ሳይፈቅድ ጽሑፉን ለክፍሉ አናነብም። የሚያሰጋ ነገር ስናይ ደግሞ ማርክ ሰጥተን አናልፍም፤ ለሚመለከተው እናሳውቃለን፤ ቢያንስ ልጁን ጠርተን «አንብቤዋለሁ» እንለዋለን።

የዚህ ሥራ ዋጋ ምንድን ነው? ለተግባር ልምምድ የወጡ ሠልጣኞችን ስጎበኝ አንድ ቀን ከሁለተኛ ክፍል አንዲት ልጅ አጠገብ ተቀመጥሁ። ታናሽ ወንድሟ የተወለደ ዕለት የሆነውን እየጻፈች ነበር። «በጣም ደስ አለኝ» ብላ ጻፈች። ጥቂት አየችውና ሰረዘችው፤ በምትኩም «ዘለልኩ» ብላ ጻፈች። ማንም አላዘዛትም። «ለምን ሰረዝሽው?» ብላት ቀና ብላ አየችኝና «ዘልዬ ነበራ!» አለችኝ። ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ መጠየቄ ገርሟት ነበር።

ያቺ ልጅ በዚያች ቅጽበት የጻፈችውን ከኖረችው ጋር አስተያየች፤ ያልገጠመውን ጣለች። መጻፍ ከዚህ በላይ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ልጅ ሌላ ሰው የሚለውንም እንዲሁ ይመዝናል። «ሁሉም እንዲህ ይላል» እና «እኔ ያየሁት ይህ ነው» በሚሉት ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል። አንድ አገር ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ ምን ሊጠብቅ እንደሚችል አላውቅም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል። በአማርኛም ይሁን በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን፣ ልጁ በሚያለቅስበትና በሚስቅበት ቋንቋ ደብተር ተሰጥቶታል። በዚያ ቋንቋ መልሶ የመምህሩን ቃል ብቻ እንዲገለብጥ ካደረግነው ግን በሩ መከፈቱ ምን ጠቀመው?

የዚያን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ደብተር ላስመልሰው አልችልም። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ምናልባትም ነገሩን ፈጽሞ ረስቶታል። እኔ አልረሳሁትም። ነገ ክፍል የምትገቡ ተማሪዎቼ ሆይ፣ ከስልሳው ደብተር አንዱ ከርእሱ የወጣ ሲመስላችሁ እስክሪብቶውን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት። ምናልባት ወደ ርእሱ የገባው እርሱ ብቻ ይሆናል።